የግራው ግድግዳ

ቤታችን ሊወድቅ መሆኑን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ያየሁትን ደግሞ እንደ ተራ ልጅ በፍርሃት ሳይሆን በሙያ ነው የመረመርኩት።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ሌሎች ልጆች በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እኔ የምጫወተው በቱንቢ ነው። ቱንቢ ካሮት የመሰለች፣ ጫፏ የሾለ የነሐስ ቁራጭ ናት፤ በሲባጎ ታስራ ከግድግዳ አናት ላይ ትንጠለጠላለች። ሲባጎው ከላይም ከታችም ከግድግዳው እኩል ከራቀ ግድግዳው ቀጥ ብሏል። እኩል ካልሆነ ዘሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ቦታ ይዞኝ ሲሄድ ሲባጎው ፊት ያቆመኝና «እህስ ኢንጂነሯ፣ ምን ትላለች?» ይለኛል። እኔም ትንፋሼን ውጬ፣ ቱንቢዋ መወዛወዟን እስክትተው ጠብቄ፣ «ቆማለች» እላለሁ።

«ቱንቢ አትዋሽም» ይል ነበር። «ሰው ይዋሻል፣ ዓይን ይዋሻል፣ እሷ ግን አትዋሽም። የዘመመ ግድግዳ ደግሞ መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ ድጋፍ፣ ወይ መዶሻ።»

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ እግር ካልሲ ፍለጋ ወደ አባቴና እናቴ መኝታ ቤት ስገባ፣ ያቺው ቱንቢ ከጣሪያው ተንጠልጥላ አገኘኋት። ከአልጋቸው ግርጌ፣ ትናንት ባልነበረ ምስማር ላይ። አባቴ በጎኑ ተኝቶ አንሶላውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ፊቱ በላብ ወርዝቷል፤ ዓይኑን ከሲባጎው ላይ አይነቅልም። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትከሻውን ይዛዋለች።

«ቆመ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ቆይ እስቲ። አሁን ሊቆም ነው።»

«በግራ ለምን ትሞክረዋለህ? እየነገርኩህ።»

«በግራ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነዋ። በግራ ነው የሚብሰው።»

ቱንቢዋን አየኋት። እኔ እንዳየኋት ከሆነ ንቅንቅ አትልም። አባቴ ግን «ገና ነው» ብሏል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲገነባ የኖረ ሰው ያየውን የሰባት ዓመት ልጅ አታየውም ብዬ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። እናቴ ዞር ስትል አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። «አንቺ፣ ማን ግቢ አለሽ? ሂጂ ተጣጠቢ።» በሩን ከኋላዬ ስትዘጋው ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቃ ነበር። ያ ጥንቃቄ ነው ያስደነገጠኝ። በር ሲንጓጓ የማይችል ቤት የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው።

ዛሬ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝና ነገሩን አውቀዋለሁ። ቱንቢዋማ ቆማ ነበር። አባቴ ማዞር የሚሉት በሽታ ይዞት፣ በግራ ጎኑ በተገላበጠ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እንደ ወፍጮ ይሽከረከርበት ነበር። ዓይኑ ሲዋሸው የማትዋሸውን ሰቀለ። ሲባጎው ቆሞ እስኪታየው ድረስ ከአልጋው አይነሳም፤ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሄዶ አራት ፎቅ ከፍታ ላይ ድንጋይ ይደረድራል።

ያኔ ግን እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ ምልክቱም በየቀኑ በረከተ። አባቴ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ሲሄድ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ይሄድ ጀመር። ቤቱን እየደገፈው ነው። አንዳንዴም በመሃል ይቆምና ግንባሩን አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ስንጥቁን እያዳመጠው ነው። እናቴ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረውን የእሱን ዕቃ ሁሉ፣ የመላጫውን ሳጥን ሳይቀር፣ አወረደችና ታችኛው ላይ ደረደረችው። ቀና ብሎ እንዳይፈልግ ኖሯል፤ እኔ ግን የግድግዳውን አናት ሸክም እያቃለለች መሰለኝ፣ በብልህነቷም ኮራሁባት። ጠዋት ጠዋት «ቀስ ብለህ ተነሳ» ስትለው እሰማለሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ ከአልጋዬ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። መዝለል ተውኩ። ታናሽ ወንድሜ ገና በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ነበር፤ ወደ ግራው ግድግዳ በዳኸ ቁጥር እግሩን ይዤ እጎትተዋለሁ። እሱ ያለቅሳል፣ እናቴ እኔን ትቆጣለች።

ጫማዬን አድርጌ መተኛት ጀመርኩ። የቤት ሥራዬንም የምሠራው ጀርባዬን ለግራው ግድግዳ ሰጥቼ፣ በሁለት እግሬ ወለሉን ገፍቼ ነበር። አባቴ ሲደክመው ተራዬን የምይዝ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎረቤት አጥር ሥር የወደቀ ጣውላ አየሁ። ከእኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል። ጎረቤታችንን አስፈቅጄ፣ እየጎተትኩ፣ መዳፌ በስንጥር እየተወጋ ግቢያችን አስገባሁት። ከግራው ግድግዳ ውጭ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ አንዱን ጫፉን አፈር ውስጥ ቀብሬ ሌላውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። አባቴ ሥራ ቦታ ድጋፍ ሲያቆም እንዳየሁት፣ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ሞከርኩት። ያዘ።

አባቴ ሲገባ ሲሚንቶውን ሊታጠብ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደ። እኔ ወንድሜን አዝዬ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበ፣ ቀና አለ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጣውላው ሲንሸራተትና አባቴ ከጣውላው ጋር አንድ ላይ ሲወርድ ነው። ቅንድቡ ተተረተረ። ደሙ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ወደ አሸዋው ሲሄድ አየሁ።

እናቴ ሮጣ ወጣች። «ማነው ይሄን እዚህ የገተረው?»

አባቴን በጣውላዬ አደናቅፌ ጣልኩት።

«የልጆች ጨዋታ ነው፣ ተያት» አለ አባቴ፣ መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል ይሄ ነው» ብላ እናቴ ጣውላውን አጥሩ ሥር ወረወረችው።

ዓርብ ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ዛሬ አትሂድ» ትላለች እናቴ። ድምፅዋ እንባ አለበት። «ሁለት ልጅ አለህ። በሁለት ልጅ ነው የምትጫወተው።»

«ዛሬ ጫፉ ነው። የቀረኝ ሁለት ረድፍ ነው። ጫፉን ልዝጋና ከዚያ እንዳልሽው።»

«ለፎርማኑ ንገረውና ሌላ ይዝጋው።»

«ውኃልክ ካወቀ ዛሬውኑ ነው የሚያወርደኝ። አንዴ ከወረድኩ ደግሞ ማን ያወጣኛል? ይሄን ለሰው አፍ እንዳትሰጪው፣ አደራ።»

ፎርማኑን ሰው ሁሉ ውኃልክ ነው የሚላቸው፤ ውኃልክ እንደሚባለው መሣሪያ፣ የተጣመመ ነገር ከመንገድ ማዶ ሆነው ይለያሉ። ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ሠርተዋል፤ ለእኔ ጋሼ ናቸው። አባቴ ለምን እንደሚደብቃቸው ወዲያው ገባኝ። የራሱ ቤት የዘመመበትን ግንበኛ ማን ግንብ ላይ ያወጣዋል? ውርደት ነው። ግን ደግሞ እናቴ «ሁለት ልጅ» ብላለች። ቤቱ የሚወድቀው በእኔና በወንድሜ ላይ ነው፤ ምናልባትም ዛሬ። ወንድሜን ፍራሹ ላይ ተኝቶ ትቼው ስወጣ ከበሩ ሁለቴ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው፣ ከተኛበት ፍራሽ ጋር ጎትቼ ወደ ቀኙ ግድግዳ አስጠጋሁትና ሮጥኩ።

ትምህርት ቤት ሳይሆን ሥራ ቦታው ሄድኩ።

ማደባለቂያው ይጮሃል፣ አሸዋ የሚነፉት ሴቶች ፊታቸውን ተሸፋፍነዋል፣ ሕንፃው በመወጣጫ እንጨት ዙሪያውን ታጥሯል። አባቴ ጫፉ ላይ ነው። ከታች ሲታይ ከቱንቢ አይበልጥም። በሁለት ጣውላ ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሲባጎው አስጠግቷል። አንድ እጁ ግድግዳውን አይለቅም።

ጋሼ ውኃልክ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጠው ወረቀት ያያሉ። «ምነው ሚጡ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ቤታችን ሊወድቅ ነው። እባክዎ መዶሻ አይሁን፣ ድጋፍ ይሁን።»

ሳቁ። «የእናንተ ቤት? የእናንተን ቤትማ እኔና አባትሽ ነን የሠራነው። የሀገሩ ቤት ሁሉ ሲፈርስ የእናንተ ቆሞ ይታዘባል።»

«አባዬ በቱንቢ ለክቶታል። ጠዋት ጠዋት ይለካዋል። በግራ በኩል ነው የሚብሰው።»

«ከውጭ ነው ከውስጥ የሚለካው?»

«ከውስጥ። አልጋቸው ጋ ሰቅሎት፣ ተኝቶ ያየዋል።»

«ተኝቶ?»

«አዎ። እስኪቆም ድረስ አይነሳም። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። ትናንትና ደግሞ ወደቀ፤ እሱ ግን በእኔ ምክንያት ነው።»

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ግድግዳ ተኝቶ የሚለካ ግንበኛ እንደሌለ እኔ ማሰብ ነበረብኝ፤ እሳቸው ግን አንዴ ሲሰሙ በቃቸው። ቀና ብለው ጫፉን አዩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልጮሁም። ወደ ማደባለቂያው ሄደው «አጥፋው» አሉ። አሸዋ ወደሚነፉትም ዞረው «ማንም ወደ ላይ እንዳይጣራ። ስሙን የሚጠራ እንዳይኖር» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝና በዚያ ዕድሜያቸው መሰላሉን ይወጡ ጀመር።

ዝምታ ወረደ። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ቦታ ዝም ሲል ግንበኛ ይሰማዋል። ጋሼ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ አባቴ ከሲባጎው ላይ ዓይኑን አነሳ። ቀና አለ። ምን ተፈጠረ ብሎ በግራ በኩል ዞረ።

ቱንቢዋ ከእጁ አመለጠች። እንጨት ለእንጨት እየተጋጨች፣ ቂው ቂው እያለች ወርዳ ከፊቴ አሸዋው ውስጥ ተሰካች። ላይ ስመለከት አባቴ ግድግዳውን በሁለት ክንዱ አቅፎታል። ጉንጩ ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል። ከእግሩ ሥር ያለው ጣውላ ወዲህ ወዲያ ይላል።

ይሄም ግድግዳ ሊወድቅ ነው አልኩ በልቤ። ይሄንንም እሱ ነው የያዘው። ብቻውን ነው የያዘው። ጋሼ ማንም አይጣራ ማለታቸውን ረሳሁት።

«አባዬ፣ አጥብቀህ ያዘው!»

እዚያ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ያወቁትን እኔ አላወቅሁም ነበር። ግድግዳው ነው እሱን የያዘው።

ጋሼ ደረሱ። ከኋላው ቆመው ደረታቸውን ጀርባው ላይ አስጠጉ፣ በሁለት እጃቸው ግራና ቀኙን እንጨት ያዙ። ምን እንደተባባሉ ካደግሁ በኋላ ነው የነገሩኝ። «ቱንቢዬን» ብሏቸዋል አባቴ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «የማየው ነገር ስጠኝ።» «ወድቃለች፤ እኔን እይ» ብለውታል። «ስምህን የምታረጋግጥበት ቀን ዛሬ ነው በለኛ» አላቸው። እዚያ ላይ ሆኖም አፉ አላረፈም። ፊት ለፊት ሆነው፣ እግሩን በየእርከኑ በእጃቸው እያሳረፉለት ሲያወርዱት፣ ማንም ሰው የተነፈሰ አይመስለኝም። ኮታቸውን አጥብቄ ጨምድጄ ከመያዜ የተነሳ አንገትጌው ተቀዶ ነው የመለስኩላቸው።

አባቴ መሬት ሲረግጥ በጎኔ አለፈ። አላየኝም፣ ወይም አላየኝም ብዬ አመንኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ነጥብ ያያል፣ እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው። ቤቱን ላድን ብዬ አባቴን ከሥራው አወረድኩት፤ ለሰው አፍ እንዳትሰጪው የተባለውን እኔ ሰጠሁት። ቤቱ ደግሞ አሁንም አልተደገፈም።

ሰኞ ጋሼ ውኃልክ መጥተው ሁላችንንም ሐኪም ጋ ወሰዱን፤ አባቴን በግድ፣ እኛን በተከታይነት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አባቴን አልጋ ላይ አስቀምጣ ጥቂት ጠየቀችው። ከዚያ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግራ አዞረችና፣ ሳታስጠነቅቀው፣ በጀርባው አስተኛችው፤ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጠርዝ ወረድ ብሎ እጇ ላይ ቀረ።

«ያዙኝ» አለ አባቴ። ይሄን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

«ይዤሃለሁ። ዓይንህን አትጨፍን።»

ተጠግቼ አየሁ። ዓይኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። ወደ አንድ ጎን ሾለክ፣ መለስ፣ ሾለክ፣ መለስ ይላሉ። እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ይሄን ነገር አውቀዋለሁ፤ ከነፋስ በኋላ ቱንቢ የምትሠራው ይሄንኑ ነው። ትንፋሼን ዋጥሁና ጠበቅሁ። ዓይኖቹ ቀስ አሉ፣ ይበልጥ ቀስ አሉ።

«ቆሙ» አልኩ።

አባቴ ተገልብጦ እንዳለ ድምፄን ሰማና ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ አለ። ሐኪሟ በመገረም አየችኝና ቀጠለች። ራሱን ወደ ቀኝ አዞረች፣ ጠበቀች፤ በቀኝ ትከሻው አስተኝታ ፊቱን ወደ ወለሉ አደረገች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። በየመሃሉ ወደ እኔ ታያለች፣ እኔም «ገና ነው» ወይም «ቆሙ» እላለሁ።

«በጆሮ ውስጥ ከአሸዋ የደቀቁ ድንጋዮች አሉ» አለችው ሲጨርሱ። «ያንተ ከቦታቸው ለቀው ወደማይሆን ቦታ ገብተዋል። ራስህን በተራ ያዞርነው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ነው። አንዳንዴ ይደገማል። እስከምልህ ድረስ ከፍታ ላይ አትውጣ።»

አባቴ ግራ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ድንጋይ ሳቃና፣ የገዛ ራሴ ይውጣ ከመስመር?» አለ። ጋሼ ውኃልክ ሳቁ፣ እናቴ ሳቋ ከለቅሶ ጋር ወጣ።

ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም። «አባዬ፣ ቤቱስ?»

«ቤቱ ምን ሆነ?»

«በግራ በኩል የዘመመው።»

ቆሞ አየኝ። ጫማዬን አየ፤ ከእናቴ ሰምቷል ማለት ነው፣ አድርጌው እንደምተኛ። ወደ ጋሼ ዞረ፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁለት። አባቴ ከኪሱ ቱንቢዋን አወጣ። ጫፏ ተጣሟል። ወደ ግራው ግድግዳ ወስዶኝ መሰላል ሳይፈልግ፣ እጁ እስከደረሰበት ከፍ አድርጎ ሲባጎውን ያዘልኝ።

«እህስ ኢንጂነሯ?»

ከላይ አየሁ። ከታች አየሁ። ሁለት ጣት፣ ሁለት ጣት። «ቆማለች» አልኩና እዚያው ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ለቅሶው ውስጥ ሌላውም ወጣ። «ጣውላውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጣልኩህ።»

አባቴ ቁጢጥ አለ። ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ሳያዞር። የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ትከሻውን አሳየኝ፤ ከአንገቱ ሥር እስከ ክንዱ ድረስ በጣውላ ስፋት ጠቁሯል።

«ቀና ስል ቀድሜ ወድቄያለሁ» አለ። «ወደዚያ ነበር የምሄደው።» የቧንቧውን የድንጋይ ጠርዝ በአገጩ አመለከተኝ። «ትከሻዬን ይዞ ያስቀረኝ ጣውላሽ ነው። ቅንድቤን ብቻ ነው ድንጋዩ ያገኘው።»

ተነስቶ ጣውላውን ከአጥሩ ሥር አመጣ። ማዕዘኑን አስተካክሎ፣ ጫፉን በሚገባ ቀብሮ፣ ቀጥ ያለውን ግድግዳ አስደገፈው።

ከወር በኋላ ወደ ግንቡ ተመለሰ። ማዞሩ በዕድሜው አራት ጊዜ መጥቶበታል፤ እናቴ ራሱን እንዴት እንደምታዞርለት ከሐኪሟ ተምራ ስለነበር አልጋ ላይ አስተኝታ ድንጋዮቹን ትመልስለታለች፣ የሚቆምበትን የምናገረው እኔ ነበርኩ። ጣውላው ግን እዚያው ቀረ። ግንበኞች ቤታችን ሲመጡ ይስቁበት ነበር፤ የግንበኛ ቤት ድጋፍ ቆሞለት ማየት ለእነሱ የዓመት ጨዋታ ነው። አባቴ «ተዉት» ይላቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአባቴ ቀብር በኋላ ቤቱን ላስቀባ መጣሁ። ቀለም ቀቢው በግራ በኩል የቆመውን እንጨት ላንሳው ወይ ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ስነካው እንጨቱ አዲስ ነው፤ የተላገ፣ እግሩ ምስጥ እንዳይበላው ሬንጅ የተቀባ። አሮጌው በስብሶ ኖሮ፣ አባቴ በሰባ ስምንት ዓመቱ ለማንም ሳይናገር፣ በዚያው ጉድጓድ በአዲስ ተክቶታል።